ድምፅ የሌለውን ፊልም የተረጎምኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የሚዛን ተፈሪን ቆርቆሮ ሁሉ ሲደበድብ፣ የጓሮዬን ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ፀጋ ኮምፒውተሯን በነጠላ ጠቅልላ እየሮጠች ሳሎን ገባች። ክፍሏ ያለው ሶኬት ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ኤሌክትሪክ ሠሪው ነገ እመጣለሁ እያለ ያሾፍብኛል። ፀጋ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጨዋ ልጅ ናት፤ ብቻዬን እንዳይደብረኝ ብላ የምታየውን ነገር ሁሌ ወደ እኔ አዙራ ነው የምታስቀምጠው። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ አላየውም፤ የዛሬ ፊልም ለዓይኔ ይቸኩልብኛል። የዚያን ቀንም ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እለቅም ነበር። ቀና ስል ጥቁርና ነጭ ሥዕል ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ የሚሰማ ነገር የለም።

«ድምፁን ከፍ አድርጊው እንጂ፤ ዝናቡ ዋጠው» አልኳት።

«ድምፅ የለውም እትዬ። ድሮ ነው የተሠራው፤ ያኔ ፊልም ድምፅ አልነበረውም።»

እጄ ምስሩ ውስጥ ቀረ። ሥዕሉ ላይ አንድ ረጅም ሰው በር ላይ ቆሟል። ራሱ መላጣ፣ ትከሻው የተሰበሰበ፣ ጥቁር ልብሱ ረዘም ያለ፣ ጥፍሩ ያደገ።

«ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አልኩ።

ፀጋ ሳቀች። «እንዴት አድርገው ነው የሚያውቁት? ፊልሙ እኮ መቶ ዓመት ሆኖታል።»

«አውቀዋለሁ አልኩሽ። እኔ ነኝ የተረጎምኩት።»

ልጅቷ በሆዷ «አሮጊቷን ዛሬስ ለየላት» ሳትለኝ አልቀረችም። ግን ፊልሙን አቁማ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። አርባ ዓመት ሙሉ ለማንም ያላወራሁትን ለእሷ አወራሁላት።

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ላስታውሰው ብል ከሌላው ጋር ይቀላቀልብኛል። ሰው ሁሉ ጓድ የተባለበት፣ አቶና ወይዘሮ እንደ አሮጌ ልብስ ሣጥን የገቡበት ጊዜ ነበር። እኔ ከጅማ የጽሕፈት መኪና ትምህርት ጨርሼ የመጣሁ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሥራዬ ከሸኮ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የቡና ማዘጋጃ ጣቢያ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ ጫካ በልቶታል። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ፣ ድምፄ ጥሩ ነው ስለተባልኩም በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ አነባለሁ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ቦምቦሊኖው ደግሞ ሁለት ጣት የሚያህል ስኳር ተነስንሶበት ይመጣል። ለእሑድ ብቻ የምለብሰው አረንጓዴ የተርጋል ቀሚስ ነበረኝ። ወንዶቹ በዚያ ጭቃ ላይ እንኳ ሱሪያቸውን ከታች አስፍተው ያሰፉ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ሲጠርጉት ይውላሉ። የኪነት ቡድኑ አንዲት አኮርዲዮን ነበረችው፤ ሁለት ቁልፏ ስለማይሠራ ስለ ምርት የተዘፈነው ዘፈን ሁሉ እዚያ ቦታ ሲደርስ ያነክሳል። ዛሬም አንዳንዴ ሳህን ሳጥብ ያ ዘፈን ይመጣብኛል፤ እኔም በለመድኩት እዚያው ቦታ ላይ አነክሳለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሽታው ነው። የከተማ ሰው ቡና ሲባል የተቆላውን ነው የሚያስበው። የእኛ ሽታ የእሸት ቡና ልጣጭ ጉድጓድ ውስጥ ሲቦካ የሚያመጣው፣ ጠጅ ጠጅ የሚል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነበር። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀው ቡና፣ ሲፈለፈል ደግሞ ብናኙ ሰማዩን ይሸፍነዋል። ለእኔ አልተስማማኝም። ከመጣሁበት ወር ጀምሮ ያስለኝ ነበር፤ ሰው ሲያወራኝ አቋርጬ እየወጣሁ ደጅ ላይ ነበር የምስለው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሸምሱ ይባላል። በልጅነቱ ከስልጤ በእግሩ መጥቶ፣ ጨው ከመሸጥ ተነሥቶ፣ ቡና ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ለውጡ ሳይመጣ በፊት መጋዘኑም፣ መፈልፈያውም፣ ሚዛኑም የእሱ ነበሩ። ከተወረሰ በኋላ ያንን አሮጌ ሞተር የሚያስነሣ ሰው ሲጠፋ፣ በገዛ ንብረቱ ላይ ሞተር አስነሺና ቡና መዛኝ ሆኖ ተቀጠረ። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። ቁመቱ ማንኛውም በር ላይ ጎንበስ የሚያሰኘው፣ ሥጋ የሚባል ያልፈጠረበት፣ ራሱ ላይ አንድ ፀጉር ያልቀረ ሰው ነበር። ጥቁር ሰማያዊ የመጋዘን ጋዎን ይለብሳል። የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጓል። ለጌጥ አይደለም፤ የድሮ ቡና ገዢ እንዲያ ነበር፣ ጀንፈሏን በጥፍሩ ሰንጥቆ ፍሬዋ መድረቋን ያያል። «ይቺ ገና ሁለት ፀሐይ ትፈልጋለች» ብሎ ለገበሬው ይመልስለታል። እኔ ሳስል ከሰማ ደግሞ የትም ይሁን የት ሥራውን ትቶ ይመጣል። «አስቱ፣ በር ከፍተሽ ተቀመጪ። የብናኝ መድኃኒቱ ንፋስ ነው» ይለኝና በሩን ራሱ ከፍቶልኝ ይሄዳል።

ሌላው ልታውቁት የሚገባ ሰው ካቦ አየለ ነው። የሸኮ ተወላጅ ነው፤ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ። ስብሰባ ሲኖር አማርኛውን ወደ ሸኮኛ የሚያዞረው እሱ ነበር። አማርኛ የተማረው ከዚያው ከስብሰባችን ስለሆነ አማርኛው ሁሉ የስብሰባ አማርኛ ነው። ዳመና ሲያይ «ጓዶች፣ ዝናቡ እየተፋፋመ ነው» ይላል፤ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ «ቅራኔ ተፈጠረ» ይላል። በዚያ ዘመን ስብሰባ «ደም መጣጭ» ሳይባል አይበተንም ነበር። ለእኛ ስድብ ናት እንጂ ደም የሚመጥ ሰው እንደሌለ እናውቃለን፤ በሰው ጉልበት የሚኖር ለማለት ነው። አየለ ግን ቃሏን መጀመሪያ ሲሰማ ግራ ገብቶት «ምን ማለት ነው?» ብሎ የፖለቲካ ኃላፊውን ጓድ ካሳን ጠየቀው። ጓድ ካሳ «ደም መጣጭ ማለት ለምሳሌ ቡና ነጋዴ ነው» አለው። አየለ «ለምሳሌ» የምትለዋን ትቶ የቀረውን ያዘ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ሰምቼ ሥቄ አለፍኩ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ፊልም የሚያሳየው መኪና መጣ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቶ ትራክተርና ስንዴ አሳይቶናል። ሾፌሩም ፊልም አሳዪውም አንድ ወፍራም ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳይጥል ወንዙን ካልተሻገርኩ እዚሁ ሳምንት መክረሜ ነው ብሎ ስለቸኮለ፣ ፊልሙ በእኩለ ቀን መጋዘን ውስጥ ይታይ ተባለ። መስኮቶቹ ላይ ጆንያ ተሰቀለ፣ በተደረደረው ቡና ላይ አቡጀዴ ተወጠረ፣ ሕዝቡ ጆንያ ላይ ተኮለኮለ፣ ጋሽ ሸምሱ ትልቁን የብረት በር ከውስጥ ዘግቶ ቁልፉን ይዞ እዚያው ቆመ። በጣሪያው የሚስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን አቡጀዴው ላይ እንደ ኩፍኝ ነጠብጣብ ሠራበት። ቆርቆሮው ሳጥን ላይ የተጻፈውን ማንም ማንበብ አልቻለም። ከወዳጅ አገር የመጣ የመኸር ፊልም ነው ተብሎ ተነገረን።

የፊልም ማሳያው መዞር ሲጀምር ሰዎች ታዩ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ፊልም አሳዪው ሽቦ ነቀለ፣ ሽቦ ሰካ፣ ድምፅ ማጉያውን በጥፊ መታው። «መንገዱ ነው ያበላሸው» አለ በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ። ድምፅ የሌለው ፊልም በዓለም ላይ መኖሩን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ጓድ ካሳ ዞር አለና «ጓድ አስቴር፣ ተርጉሚ» አለኝ።

«ጓድ ካሳ፣ ቋንቋውን አላውቀውም እኮ።»

«ድምፅ የለው፤ ቋንቋው ምን ያደርግልሻል? የምታይውን ተናገሪ።»

መነጋገሪያውን ጨበጥኩ። በየመሐሉ እሾህ አጥር የመሰለ ፊደል ብቅ ይላል፤ እሱን እያለፍኩ ሥዕሉን አየሁና ከልቤ እያወጣሁ ማውራት ጀመርኩ። «ይህ ወጣት ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ተላከ። ሚስቱ አትሂድብኝ ብላ አለቀሰች።» አየለ ከጎኔ ቆሞ በሸኮኛ ይከተለኛል። ከኋላ አንዱ «ትራክተሩ የታለ?» ሲል ጓድ ካሳ «ይመጣል» አለው። ወጣቱ ከተራራ ላይ አንድ አሮጌ ግንብ ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ፤ ያ ሰው ወጣ።  አንዲት ባልቴት «ይሄ ማነው?» አለች።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ነገር። ስሙን መስጠት ነበረብኝ። ጭራቅ ልበል አልኩ፤ ጭራቅ፣ ሰይጣን፣ ጠንቋይ ማለት ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ በእኔው ድምፅ ማስታወቂያ ተነግሯል። ሰው ሌሊት የሚበላ፣ ደም የሚወድ፣ ሲባል አፌ ላይ የመጣው «ቡዳ» የሚለው ነበር። ግን በግራ በኩል ግድግዳውን ተደግፈው ሸክላ ሠሪዎቹ ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል። ሰው አብሯቸው ምግብ አይበላም፤ ልጃቸው የሌላ ሰው ልጅ ትኩር ብሎ ካየ ይደበደባል። «ቡዳ» ብል ያ ሁሉ ራስ ወደ እነሱ እንደሚዞር አውቅ ነበር። ስለዚህ ማንንም የማይነካ ቃል ፈለግሁ። ከየስብሰባው የተረፈች፣ በየቀኑ የምጽፋት፣ ከብዛቷ የተነሣ የሞተች የመሰለችኝ ቃል አገኘሁ።

«ይህ» አልኩ፣ «ደም መጣጭ ነው።»

ጓድ ካሳ ራሱን ነቀነቀ። በደህና ያለፍኩ መስሎኝ ተነፈስኩ። አየለ ያልኩትን ተቀብሎ ሲናገር ግን ከሸኮኛው መሐል «ቡና ነጋዴ» የሚል አማርኛ ብቅ ሲል ሰማሁ። ሕዝቡ አጉረመረመ። እኔ ደም መጣጩ ወጣቱን እራት ጋበዘው ስል፣ አየለ ቡና ነጋዴው እራት ጋበዘው ይላል። ደም መጣጩ ወደተኛችው ሴት አንገት ጎንበስ አለ ስል፣ እዚያም ላይ ቡና ነጋዴ አለ። ሁለቴ ሰማሁ፣ አሥሬ ሰማሁ። ማስቆም ይገባኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ አፍ አፌን ያየኛል፤ ነፍሰ ጡሮቹ ሆዳቸውን ይዘዋል፤ ጎረምሶቹ እንኳ ወሬ አቁመዋል። በዕድሜዬ እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም አልተሰማሁም። አየለን ባቋርጠው ክሩ የሚበጠስ መሰለኝና ተውኩት።

የተዘጋው መጋዘን ይግላል። የሰው እግር የቡናውን ብናኝ አስነሥቶታል። ያ ጥቁር ሰው ሴትዮዋ ክፍል ገብቶ፣ ረጅም ጥፍሩን ወደ እሷ ሲዘረጋ፣ ሳሌ መጣ። ልውጠው ብል አልዋጥ አለኝ። በመነጋገሪያው ውስጥ ስስል መጋዘኑ ሁሉ ከእኔ ጋር ያስል ጀመር፤ ጎንበስ አልኩ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ትንፋሽ አጣሁ። ያኔ ከኋላ የብረቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። የቀን ብርሃን እንደ ጎርፍ ገባ። አቡጀዴው ነጭ ሆነ፤ ያ ሰው ከነጥፍሩ ጠፋ። ሕዝቡ ዓይኑን ሸፍኖ ወደ ኋላ ሲዞር፣ ረጅም፣ መላጣ፣ ጥቁር ጋዎን የለበሰ ሰው ቁልፍ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ወጣ» አለች ያቺ ባልቴት። «ከጨርቁ ውስጥ ወጣ።»

መጀመሪያ የተሳቀ መስሎኝ ነበር። አዎ፣ ከተማ ቀመሶቹ ሥቀዋል። ሌሎቹ ልጆቻቸውን አፋፍሰው በጎን በኩል ባለው በር ወጡ። ጋሽ ሸምሱ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ እያየ «ምን ሆናችሁ? ልጅቷ ልትታፈን እኮ ነው» ይላል። ደጅ አወጣኝ፣ ውሃ አመጣልኝ። ፊልም አሳዪው ዳመናውን አይቶ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። የፊልሙን መጨረሻ ማንም አላየውም።

በማግስቱ ገበሬዎች ቡናቸውን አምጥተው ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጋሽ ሸምሱ ጀንፈል ሊሰነጥቅ እጁን ሲዘረጋ አንዱ ጆንያውን አንሥቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ልጆች ጋዎኑን ሲያዩ ይበተናሉ። እሱ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ጥርሱን እያሳየ ያባርራቸው ነበር፤ እንዲያውም ሚስቱ እትዬ ዘሀራ «ተው፣ ከሕፃን ጋር አትላፋ» ብላ ስትቆጣው ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ጥፍሩን ቆረጠው። ባይቆርጠው ይሻል ነበር፤ «ካልሆነ ለምን ቆረጠው?» ተባለ።

አየለን ሄጄ «ለምን ቡና ነጋዴ አልካቸው?» አልኩት።

«አንቺ ደም መጣጭ አልሽ። እኔ ተረጎምኩ።»

«ፊልም ነው፣ የፈጠራ ታሪክ ነው፣ ውሸት ነው በላቸው በቃ።»

«ብያለሁ፣ ጓድ አስቴር። ‹ታዲያ መንግሥት ውሸት ሊያሳየን ነው በር ቆልፎ ያስቀመጠን?› አሉኝ። ለዚህ መልስ የለኝም። አንቺ አለሽ?»

 የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለእኔ ነው የተባለው። በዚያው ሳምንት አንዲት ቡና ለቃሚ ሴት ሕፃን ልጇ ሞተባት። ወባ ነበር፤ በዚያ አገር ወባ ስንቱን ልጅ እንደወሰደ እግዜር ይቁጠረው። ድሬሰሩ ግን በየዋህነት «ደም አንሶት ነው» አላት። ደም አንሶት ነው የምትለዋ ወሬ ከክሊኒኩ እስከ ጣቢያው ስትደርስ ምን ሆና እንደደረሰች ታውቁታላችሁ።

ወደ ጓድ ካሳ ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም ብል አትመኑኝም፤ መጽሐፍ ያውሰኝ ነበር። ሕዝቡ ደም መጣጭ ማለት በዝባዥ መሆኑ አልገባውም፣ ጋሽ ሸምሱ የምር ደም የሚጠጣ ነው የመሰለው አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ «በየትኛውም በኩል ይግባቸው። መድረሻው አንድ ነው» አለኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ስለ መደብ ጠላት ሲያስተምር ያንቀላፋበት የነበረ ሕዝብ አሁን ነቅቶለት ደስ ብሎት ነበር።

ስብሰባው የተደረገው በዚያው መጋዘን ነው፤ በሮቹ ተከፍተው። የሞተው ሕፃን እናት ተነሥታ በሸኮኛ ተናገረች፣ አየለ ወደ አማርኛ አዞረው። «ልጄ ነጭ ሆኖ ሞተ። ይህ ሰው ሴት አንገት ላይ ሲያጎነብስ በዓይኔ አይቻለሁ ትላለች።» ሌሎችም አይተናል አሉ። እጄን አወጣሁ። 

«ጓዶች፣ ያያችሁት ሥዕል ነው። ሰውየው ፈረንጅ ነው። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ፊልሙ አይልም።»

«ጓድ አስቴር፣ ደም መጣጭ ብለሻል ወይስ አላልሽም?» አለ ጓድ ካሳ።

«ብያለሁ፣ ግን…»

«ማንም አስገድዶሻል?»

«የለም።»

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ለምን እንደተቀመጥኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ቢሆንም፣ ቆሜ ብቀር ኖሮ ምን እል እንደነበር አላውቅም። ጋሽ ሸምሱ መልስ አለህ ወይ ሲባል ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። «እኔ ሥዕሉን አላየሁትም። በር ጠባቂ ነበርኩ፤ የማየው የናንተን ጀርባ ነው» አለ።  እትዬ ዘሀራ ግን ከሴቶቹ መሐል ሆና ማንም ሳይፈቅድላት ተናገረች። «የዚህ ሰው ስሙ ራሱ በዓረብኛ ፀሐይ ማለት ነው። ሙሉ ቀን እፊታችሁ ቡና ሲያሰጣ ነው የኖረው። በየትኛው ሌሊት አያችሁት?» አየለ ይህንን አልተረጎመውም። ተርጉም ያለው አልነበረም።

ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሦስት ወረቀት በካርቦን አነባብሬ፣ «የመጋዘን ኃላፊው ለምርመራ ሚዛን ተፈሪ እንዲቀርብ» ብዬ ጻፍኩ፤ ያቺን ቃል አውቄ ዘለልኳት። ጓድ ካሳ አይቶ መለሰልኝ። «አንድ ነገር ጎድሎታል» አለ፤ ምን እንደጎደለው አልነገረኝም፣ መናገርም አላስፈለገውም። አዲስ ወረቀት አስገባሁ። «ደም መጣጩ የመጋዘን ኃላፊ» ብዬ መታሁ። ያ የጽሕፈት መኪና የ«ጭ»ን ፊደል ሲመታ ትንሽ ወረቀቱን ይበሳው ነበር፤ በሦስቱም ቅጂ ላይ እዚያች ቦታ ቀዳዳ አለ።

የወሰዱት ቡና በጫነ መኪና ነው፤ ጆንያ ላይ አስቀምጠው። ወሬኛ መቼም አይጠፋም፤ «ሚዛን ያዡን ሚዛን ወሰዱት» ብለው ቀለዱ። እኔ ቢሮዬ ደጃፍ ከጓድ ካሳ ጎን ቆሜ ነበር። አረንጓዴዋን ቀሚሴን ለብሼ ነበር፤ ለምን እንደለበስኳት አላውቅም፣ እሑድ አልነበረም። መኪናው ሲያልፍ ጋሽ ሸምሱ ከላይ ሆኖ አየኝ።

«አስቱ» አለኝ፣ «ሳልሽ ተሻለሽ?»

አልመለስኩለትም። ጓድ ካሳ ያየኛል ብዬ ጫማዬን ነበር የማየው። ኮንጎ ጫማ ነበር፣ ቢጫ። መኪናው ታጥፎ ሄደ።

እትዬ ዘሀራ ድስትና ምንጣፏን ሸጣ ተከትላው ሄደች። በዓመቱ ከሚዛን ወደ ጅማ ተዛውሯል የሚል ወሬ ሰማን፤ ከዚያ ወሬውም ቆመ። እኔ ከዓመታት በኋላ ወደ ሚዛን ተፈሪ ስዛወር መጀመሪያ የሄድኩት እስር ቤቱ ነበር። በመስኮት በኩል ያለው ሰው መዝገብ እያገላበጠ «ለሰውየው ምኑ ነሽ?» አለኝ። «ምኑም አይደለሁም» አልኩ። ምኑም ላልሆነ ሰው ደግሞ አይነገርም። ጓድ ካሳ መንግሥት ሲለወጥ የት እንደገባ አልታወቀም። አየለን ከመሞቱ በፊት ሸኮ ገበያ ላይ አንድ ጊዜ አገኘሁት፤ አርጅቶ፣ አማርኛው ሁሉ ለስልሶ። ብዙ አወራን፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቡና ዋጋ። ልንለያይ ስንል «እኔ የነገሩኝን ነው የተረጎምኩት» አለኝ። እኔ ምንም ሳልጠይቀው።

ለፀጋ አውርቼ ስጨርስ ዝናቡ እየሳሳ ነበር።

«እንግዲያ መጨረሻውን አላዩትም?» አለችኝ።

«የት አይቼው።»

ኮምፒውተሯን ነካ አደረገች። ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ናት፤ እሱ አጠገቧ ነው። ያንን እጅ፣ ያንን ጥፍር ካቆምኩበት ቦታ አየሁት። ከዚያ መስኮቱ ይነጋ ጀመር። ሰውየው ቀና አለ፣ ሊሸሽ ዞረ፣ ብርሃኑ ደረሰበት፤ ደረቱን እንደያዘ እንደ ጭስ ሆኖ ጠፋ። ባዶ ወለል ቀረ።

«ፀሐይ ነው የገደለው» አለች ፀጋ በሹክሹክታ። «እነሱ ብርሃን ከነካቸው አለቀላቸው።»

«የመጋዘኑን በር የከፈተው እኮ እሱ ራሱ ነው» አልኳት።

የምለው የገባት አልመሰለኝም። እኔም ልጨምር ስል ሳሌ ቀደመኝ። ያ የጥንቱ ነው፤ ሐኪሞቹ ሌላ ስም ሰጥተውታል እንጂ እኔ አውቀዋለሁ። ሰፌዱ ተደፋ፣ ምስሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። ፀጋ ደንግጣ ተነሣች። «በሩን ልክፈትልዎ እትዬ? ንፋስ ያግኝዎት» ብላ ስትራመድ እጇን ያዝኳት።

«አንቺ ተቀመጪ» አልኳት።

ግድግዳውን ይዤ ሄጄ ራሴ ከፈትኩት። ዝናቡ አባርቶ ያቺ የሚዛን የከሰዓት ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርሃኑ በጎኔ አልፎ ገብቶ የኮምፒውተሩን ሥዕል አጠፋው። ሳሌ እስኪበርድልኝ ደጁ ላይ ቆምኩ። መንገዱ ላይ ባጃጅ እንጂ ሰው አልነበረም።

«አልተሻለኝም፣ ጋሽ ሸምሱ» አልኩ።